የሦስት ቀን በሶ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ዕለት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ለአራተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ክፍልፋይ እያስተማርኩ ነበር። ዳይሬክተሩ ሳያንኳኳ በሩን ከፈተና ጠመኔውን አስቀምጬ እንድወጣ በእጁ ጠቀሰኝ። ያጠፋሁት ነገር ያለ መሰለኝ። በዚያን ጊዜ በረባ ባልረባው እደነግጥ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ለአንድ ዓመት አገልግሎት ተልኬ ሞላሌ ከመጣሁ ገና አራት ወሬ ነው። በዓመቱ መጨረሻ ስለ ሥራዬ የሚጽፈው እሱ ነው፤ እሱ ካልፈረመልኝ ደግሞ ወደ ትምህርቴ አልመለስም።

«ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ከነባለቤታቸው መጥተዋል» አለኝ። «ቆላ ያለውን ፍል ውሃ ማየት ይፈልጋሉ። ቅዳሜ ጠዋት ወርደው እሑድ ጠዋት ይወጣሉ። ወይዘሮዋ በወንድ መካከል ብቻቸውን እንዳይሆኑ አንቺ አብረሽ ትሄጃለሽ። አሁን ሂጂና ለመንገድ መሪው ንገሪ።»

ወደ ፍል ውሃው የሚወስደውን ጎዳና የጀመረው ጣሊያን ነው፤ ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ተወው። ከዚያ በታች ወደ ጀማ ወንዝ አገር የሚወርደው የበቅሎ መንገድ ነው። መኪና በዚያ ቁልቁለት የት የት ላይ ቢረግጥ እንደማይንሸራተት የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ በወጣትነታቸው በጣሊያን ጊዜ እዚያው ዶማ ይዘው የቆፈሩ ሽማግሌ። አንድ ጊዜ የመንግሥት ላንድሮቨር መርተው አውርደው፣ መርተው አውጥተዋል ይባላል።

ቤታቸው ከከተማው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። ስደርስ ሚስታቸው የበግ ጠጉር ባና ተጠቅልለው የድንጋዩን ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ላለመነሳታቸው ይቅርታ ጠየቁኝ። ከባናው ሥር ያወጧቸውን እጆች ሳይ ዓይኔን ወደ መሬት አደረግሁ። ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ ታጥፈው፣ የጨበጡትን እንዳይለቁ የተገዘቱ ይመስሉ ነበር። ጉልበታቸውም እንደዚያው ታጥፎ ቀርቷል።

ሽማግሌው መልእክቴን በጥሞና ሰሙኝ።

«ይወርዳል» አሉ። «ፍሬኑ ደህና ከሆነ ይወርዳል። ለመሪነቴ ምንም አልጠይቅም የኔ ልጅ። አንድ ነገር ብቻ፤ እሷን ይጫኑልኝ።»

በበቅሎ ሁለት ጊዜ ሞክረዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ ሚስቲቱ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ከሕመሙ ብዛት ራሳቸውን ስተዋል። በቃሬዛም በጀርባም እንዳይወርዱ ያን ሁሉ ቁልቁለት የሚሸከም ጎልማሳ ልጅ የላቸውም።

«ሦስቱን ቀን ከታጠበች ትነሳለች» አሉ ሽማግሌው። «የጎረቤታችን እናት በሰው ጀርባ ወርዳ በእግሯ ነው የወጣችው። ዓይኔ አይቷል።»

ሦስት ቀን ሲሉ ሰምቻለሁ። በዚያ አገር ፍል ውሃው እንደ ጠበል ነው። የወረደ ሰው ሦስት ቀን ይታጠባል፤ የባሰበት ሰባት፣ በጣም የባሰበት ዐሥራ አራት። ከሦስት በታች ብሎ ነገር የለም። ጀምሮ ያቋረጠ ሰው ሕመሙ እጥፍ ሆኖ ይመለስበታል ይባላል። ስለዚህ ፍል ውሃ እንወርዳለን ላለ ሰው ስንት ቀን ትቆያላችሁ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድን ሰው ጫማህን ታወልቃለህ ወይ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። እነዚህ ሰዎች ግን እሑድ ጠዋት ይወጣሉ። ይህን ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«ሦስት ዓመቴ ቤተ ክርስቲያን ከተሳለምኩ» አሉ ሚስቲቱ እየሳቁ። «ታቦቱ ረስቶኛል። ይቺ ማን ናት እንዳይለኝ ፈራሁ!»

አፌን መልሼ ዘጋሁት። «እጠይቅልዎታለሁ አባባ» ብዬ ሄድኩ።

ዳይሬክተሩ ለእንግዳው ነገረው። እንግዳው ቀና ሳይል «ከኋላ ቦታ አለ፣ ትምጣ» አለ። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ይህንኑ ልነግራቸው ተመለስኩ። ሽማግሌው በሶ አቁማዳ ውስጥ እየጨመሩ ነበር። «ለሁለት ሰው ሦስት ቀን ይበቃል?» ብለው ሚስታቸውን ጠየቁ፤ «አንተ ሆዳም ካልሆንክ ይበቃል» አሏቸው። አጠገባቸው ቆሜ ነበር። «ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንመጣለን» አልኩ። የምንመለሰው መቼ እንደሆነ አልተናገርኩም። ወይዘሮዋ ውሃውን ከወደደችው ትቆይ ይሆናል፣ ማን ያውቃል፣ እያልኩ ለራሴ ነገርኩት። ደግሞስ እንግዳው ራሱ ቢነግራቸው አይሻልም? የእኔ ሥራ መልእክት ማድረስ ነው። መልእክቱን ግማሹን አድርሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ እንቅልፍም ወሰደኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መሬቱ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። ሽማግሌው ሚስታቸውን በጀርባቸው አዝለው ወደ መኪናው መጡ። እንግዳው፣ ወይዘሮዋና ሾፌሩ ከፊት ተቀምጠው ሲመጡ ያዩአቸው ነበር። ወይዘሮዋ ጥቁር መነጽሯን ወደ ግንባሯ ከፍ አደረገች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመንገድ መሪው ባለቤት ናቸው» አልኩ።

«ይተላለፋል እንዴ?»

«አይ፣ ቁርጥማት ነው።»

«የቅቤው ሽታ ግን ይተላለፋል» አለችና ወደ ባሏ ተጠጋች። ሾፌሩ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ፈገግታዬን ሚስቲቱ አዩትና ለእርሳቸው መስሏቸው መልሰው ፈገግ አሉልኝ።

እስከ አፋፉ ድረስ ሜዳ ነው። መኪናው በጓሳ ሣሩ መካከል እየዘለለ ሲሮጥ ሚስቲቱን ከኋላ አቅፌ ያዝኩ፤ ድንጋይ በረገጥን ቁጥር ትንፋሻቸው ይቆረጣል፣ ድምፅ ግን አያወጡም። አፋፉ ላይ ስንደርስ ቆምን። ከሥራችን አገሩ ሁሉ ወደ ታች ተገልብጧል፤ ከታች በሩቁ ደረቅ ወንዝ ይታያል። እንግዳው ወርዶ አየና ተመልሶ ገባ። ሾፌሩ አራቱንም ጎማ የሚያስነዳውን ትንሿን ማርሽ አስገባ። ሽማግሌው ጫማ ሳያደርጉ፣ ዱላቸውን ይዘው ከመኪናው ፊት ቀደሙ።

እንደሳቸው ያለ መሪ ከዚያ በኋላ አላየሁም። አምስት እርምጃ ይሄዱና ይዞራሉ፤ በዱላቸው የቀኙ ጎማ የሚረግጥበትን ድንጋይ ይነካሉ፣ ከዚያ የግራውን። አፈሩ ልል የሆነበት ቦታ ሲደርሱ ራሳቸው ድንጋይ ተሸክመው ይደለድላሉ። ሾፌሩ ከመጀመሪያው ሩብ ሰዓት በኋላ ፍርሃቱ ለቀቀውና ጨዋታ አማረው። ሽማግሌው ጎንበስ ባሉ ጊዜ ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ መኪናውን እስከ ወገባቸው ያስጠጋና ጡሩምባ ይነፋል። ሽማግሌው ብድግ ብለው ይዘላሉ። ወይዘሮዋ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

«እንደ ፍየል ነው የሚዘለው! እንደገና፣ እንደገና!»

«ፍሬኑ ቢበጠስ መጀመሪያ አንተን ነው የምንደፈጥጠው!» አለ እንግዳው ጮክ ብሎ። በአባቱ ዕድሜ ያለን ሰው አንተ ይል ነበር።

ሽማግሌው ላባቸውን ጠርገው ሳቁ። ጨዋታው አራት ወይም አምስት ጊዜ ተደገመ። ከኋላ ሆነው ፊት ለፊት የማይታያቸው ሚስቲቱ ክንዴን ነካ አደረጉኝ።

«ምንድን ነው የሚያስቃቸው?»

«እየተጫወቱ ነው» አልኳቸው።

«ተመስገን፤ ደግ ሰዎች ናቸው» አሉ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ደረስን። ፍል ውሃው ከአለት ሥር ይወጣና በድንጋይ ካብ የታጠረ ጉድጓድ ይሞላል፤ ያ የሴቶች ነው። ከዚያ ሞልቶ የሚፈሰው ደግሞ የወንዶቹን ይሞላል። ውሃውን የሚጠብቁ አንድ መነኩሴ አሉ። ሥርዓቱ አጭር ነው። ሕመምተኛ ይቀድማል፤ ሳሙና አይገባም፤ ወንድ የሴቶቹን ካብ አያልፍም፣ ወደዚያም ፊቱን አያዞርም፤ መቆም የማትችልን ሴት፣ ሴት ይዛ ሰባት ጊዜ ትነክራታለች።

ከእኛ በፊት ሰባት ወይም ስምንት ሴቶች ተራ ይጠብቁ ነበር። ወይዘሮዋ ማንንም ሳታይ አልፋ ገባች። ሻንጣዋን ተሸክሜ ተከተልኳት። ሳሙናዋ ሮዝ ነበር፤ ሽታው ካቡን አልፎ ሄደ። መነኩሴው ከውጭ ሆነው «ልጆቼ፣ ሳሙና አይገባበትም» ሲሉ ሰማሁ፤ እንግዳው «አባ፣ ውሃ ለመታጠቢያ አይደለም እንዴ?» ሲላቸውም ሰማሁ። ወይዘሮዋ ጀርባዋን አዞረችልኝ።

«ጀርባዬን እሺልኝ አንቺ ተማሪዋ፤ በደንብ አድርገሽ። ዩኒቨርሲቲ ማሸት አያስተምሩም?»

አሸሁላት። እስክትጠግብ ሁለት ሰዓት ያህል ቆየች። አረፋው ታጥቦ እስኪሄድ ደግሞ ሴቶቹ ኩታቸውን ይዘው ቆመው ጠበቁ። አንዷም አልተሳደበችም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የሽማግሌው ሚስት ተራ ደረሰ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሱም። በብብታቸው ይዤ ሰባት ጊዜ ነከርኳቸው። መጀመሪያ ላይ ጥርሳቸውን ነክሰው ነበር፤ በአምስተኛው ለቀቁት። ሰባቱን ጨርሰን በድንጋዩ ጠርዝ ላይ ሳስቀምጣቸው እጃቸውን ትክ ብለው አዩት። ጣቶቻቸው ተከፍተዋል። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ የቡና ሲኒ ለመያዝ ያህል። እያየኋቸው ቀስ ብለው እጃቸውን አነሡና ጉንጬን ቆነጠጡኝ።

«ያዝኩሽ!» አሉና እንደ ልጅ ሳቁ። «ነገ ደግሞ አፍንጫሽን ነው!»

ካቡ ማዶ ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙት ባላቸው «ምን ሆነሽ ነው?» ብለው ጮኹ።

«ያዝኳት አልኩህ! ሦስት ቀን ሲሞላ አንተንም እይዝሃለሁ፣ ወዴት ታመልጣለህ!»

 ስወጣ ሽማግሌው ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉ አገኘኋቸው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እንግዳው ባስተከለው ድንኳን በር ላይ ሆኖ ሽማግሌውን ጠራቸው።

«ነገ አንድ ሰዓት ላይ እንወጣለን። ተዘጋጅ።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «ሰኞ ማለትዎ ነው ጌታዬ።»

«እሑድ ነው ያልኩህ። ነገ።»

«ሦስቱ ቀን የሚሞላው ሰኞ ነው እኮ ጌታዬ። ዛሬን ብለን፣ ነገን ብለን...»

«እኔ ለሱባኤ አልመጣሁም። ቅዳሜ ወርደን እሑድ እንወጣለን ብዬ ለዳይሬክተሩ ነግሬያለሁ፤ ዳይሬክተሩ ለዚች ልጅ ነግሯል።» ወደ እኔ ዞረ። «አልነገርሽውም እንዴ?»

ሾፌሩ፣ ወይዘሮዋ፣ ሽማግሌው ሁሉም አዩኝ። ሰው ሲያየኝ መላ ሰውነቴ የሚሰበሰብ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሳልደብቅ ልጻፈው፤ ስለ ሴትየዋ ጉልበት አላሰብኩም። ያሰብኩት ዳይሬክተሩ ስለ እኔ በሚጽፈው ወረቀት ላይ «መልእክት አታደርስም» የሚል ቃል ሲሰፍር ነው።

«ነግሬያቸዋለሁ» አልኩ።

ሽማግሌው አዩኝ። የቁጣ አስተያየት አልነበረም። ቁልቁለቱ ላይ ድንጋዩን ከመርገጣቸው በፊት እንደሚያዩት ነው ያዩኝ፤ ይችል እንደሆነና እንዳልሆነ። ከዚያ ወደ እንግዳው ዞሩ።

«ነግራኛለች ጌታዬ። ሽማግሌ ነኝ፣ ዘነጋሁት።»

«እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው። ነገ ትጭናታለህ፣ ወይም እዚሁ ትተዋታለህ።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ተንበረከኩ። «መኪናው ሰኞ አንድ ጊዜ ብቻ ቢመለስልኝ፤ በጉልበቴ እከፍላለሁ፣ ዓመት ሙሉ...»

«ነዳጁን በእንባህ ልትሞላው ነው?» አለች ወይዘሮዋ ከድንኳኑ ውስጥ። ጸጉሯን እያበጠረች ነበር።

«ለመንገዱ ቢሆን አታስቡ» አለ ሾፌሩ። «የጎማችን ዱካ አለ፤ እሱው ያወጣናል። ከእንግዲህ መሪ አያስፈልገንም።»

ሽማግሌው ተነሥተው ወደ መነኩሴው ሄዱ። መነኩሴው ብዙ አልተናገሩም። ባትጀምር ኖሮ አንድ ነገር ነበር፤ ጀምሮ ማቋረጥ ግን የራሷ ጉዳይ ነው፣ እኔ አልፈርድም አሉ። ውሳኔው የሚስቲቱ ሆነ። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሁሉንም ሰምተው ነበር።

«ጨርሼ ነው የምወጣው» አሉ።

«በምን ትወጫለሽ?» አሏቸው ባላቸው።

«በእግሬ። የጎረቤታችን እናት በእግሯ አይደል የወጣችው?»

«እሷ ያመማት ወገቧን ብቻ ነበር» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። ሚስቲቱ ግን እጃቸውን እየከፈቱና እየዘጉ ወደ ሌላ ወገን ይመለከቱ ነበር።

ሽማግሌው ወደ እኔ መጡ። ሊረግሙኝ መስሎኝ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ያሉት ሴቶች ሁሉ የየራሳቸው በሽተኛ አለባቸው። ነገ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጊዜ ታስገቢልኛለሽ? ሰባቱን ብቻ። የሰኞውን እግዜር ያውቃል።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

እሑድ ጠዋት ገና ሳይነጋጋ ተነሥቼ ሄድኩ። ሽማግሌው ሚስታቸውን እስከ ካቡ አፍ አድርሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። ተቀበልኳቸው። አየሩ ቀዝቃዛ ነበርና እንፋሎቱ ፊታችንን ሸፈነው። ቀሚሴን ሳላወልቅ እስከ ወገቤ ገባሁ።

«ያ ዘንጊ ሽማግሌ!» አሉኝ አንገቴን አቅፈው። «አንቺን የመሰለች የተማረች ልጅ ቆማ ነግራው እሱ ይረሳል! ባንቺ ፊት እንዴት እንዳፈርኩ። እንዳትቀየሚው እሺ? ልቡ ንጹሕ ነው።»

«አልቀየምም» አልኩ።

አንድ ብዬ ነከርኳቸው። ሁለት። ሦስት። ዛሬ ከትናንት ይልቅ ቀለል ብለውኝ ነበር፤ የቀኝ ጉልበታቸው ውሃው ውስጥ ትንሽ ተዘረጋ፣ እግራቸው መሬቱን ሲነካ ደንግጠው ያዙኝ። «ነካሁ!» አሉ። «አንቺ፣ መሬቱን ነካሁ!»

በአራተኛው የመኪናው ጡሩምባ ተነፋ። ሁለቴ። ገና አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር። ቆምኩ። ከዚያ ጡሩምባው ሳይቋረጥ ለረጅም ጊዜ ጮኸ፤ ወይዘሮዋም ስትጠራኝ ሰማሁ፤ «ያቺ ተማሪ የት ገባች?»

«ሂዱ እያሉ ነው?» አሉ ሚስቲቱ። «ሦስት ቀርቶናል። ሦስት ብቻ።»

በብብታቸው ጎትቼ ከውሃው አወጣኋቸውና ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳቸው። ባናውን ትከሻቸው ላይ ጣል ሳደርግላቸው ወዲያው ተንሸራተተ፤ መልሼ አላነሣሁትም።

«መጣሁ» አልኳቸው።

«እሺ የኔ እናት» አሉ፤ እየተንቀጠቀጡ ነበር። «ቶሎ በይ ብቻ፣ በረደኝ።»

በካቡ አፍ በሽማግሌው አጠገብ አለፍኩ። ሥርዓቱ ስለማይፈቅድላቸው አልዞሩም። የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ ወደ ፊት እንዳዩ «ሰባቱን ጨረሳችሁ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸውና ሮጥኩ።

ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። ሾፌሩ ትናንት ሽማግሌው ድንጋይ የደለደሉበትን ቦታ ከሩቁ በጣቱ ለእንግዳው እያሳየው ነው። ወይዘሮዋ ዞራ ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ፤ ከቀሚሴ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል።

«በዚህ ሁኔታ ወንበሩ ላይ ልትቀመጪ ነው?»

ይቅርታ ጠየቅኋት። ከእግሯ ሥር የነበረውን ጋዜጣ አንሥታ ወረወረችልኝ። ጋዜጣውን ዘረጋሁት፣ ድርብ አድርጌ አጠፍኩት፣ እጥፋቱን በመዳፌ አስተካከልኩት፤ ከዚያ ወንበሩ ላይ አንጥፌ ተቀመጥኩበት።